ውሃ የገደለው አበባ

ዛሬ ደብረ ብርሃን፣ ችግኝ መሸጫው ጋ አንዲት እናት የጠወለገ ኦርኪድ ይዘው መጡ። «በየቀኑ አጠጣዋለሁ እኮ!» «እማማ፣ የገደለው እሱ ነው» አላቸው ሻጩ።

ከማስቀመጫው ሲያወጣው ሥሩ ቡናማ ሆኗል፤ ሲነካው ልጣጩ ይላቀቃል፣ ውስጡ ክር ብቻ። ጤነኛ ሥር ሲደርቅ ብርማ፣ ውሃ ሲያገኝ አረንጓዴ ነው፤ ብርማ ካልሆነ ውሃ አይሰጠውም። በዱር የዛፍ ቅርፊት ላይ ተጣብቆ የሚኖር ተክል አፈር ውስጥ ሲቀበር ይታፈናል። በዚህ ላይ የከተማችን ውርጭ አለ፣ ሌሊት መስኮት ዳር አይቀመጥም።

ስሙም ከሥር ነው የመጣው። ግሪኮች የአንዱን ዝርያ መንታ ሥር አይተው «ኦርኪስ» አሉት፤ ቆለጥ ማለት ነው (ለእማማ ማን ይንገራቸው!)። ቻይናዎች ግን የጨዋ ሰው ምሳሌ አደረጉት። የኬኩ ቫኒላም ኦርኪድ ናት። አበባዋን በቀጭን እንጨትና በአውራ ጣት የማዳቀሉን ዘዴ በ1841 እ.ኤ.አ. ሬዩኒየን ደሴት ላይ ያገኘው ኤድሞን አልቢየስ የተባለ የ12 ዓመት ባሪያ ልጅ ነበር። ዛሬም በእጅ ነው የምትዳቀለው።

ሻጩ የበሰበሰውን ቆርጦ ቅርፊት ሞላበት። ሦስት ደህና ሥር ተርፎታል።