አስጎብኚው ያላነበበው ድንጋይ

በአስተርጓሚነት የሠራችሁ ይገባችኋል። አስጎብኚው ሲሳሳት ስህተቱን አሳምሮ ለሰው የሚያቀርበው አስተርጓሚው ነው። «እሱ ነው ያለው» ብሎ ማምለጥ ይቻላል፤ ግን ሰዉ የሚሰማው የእኛን ድምፅ ነው።

እስራኤል ውስጥ ለሐበሻ ተሳላሚዎች ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ አስተረጉማለሁ። ኢየሩሳሌም፣ ቤተ ልሔም፣ ናዝሬት፣ ዮርዳኖስ የታወቀው መንገድ ነው። ቀን ከተረፈ ደግሞ ወደ ሰሜን ወጥተን ባንያስ እንደርሳለን፤ ጴጥሮስ «አንተ ክርስቶስ የሕያው እግዚአብሔር ልጅ ነህ» ያለበት የፊልጶስ ቂሣርያ አገር ማለት ነው። እዚያ ቆሞ ቀና ላለ ሰው፣ ከአርሞንዔም ተራራ በታች ባለው ሸንተረር ላይ የፈራረሰ ምሽግ ይታያል። የናምሩድ ምሽግ ይሉታል። የድሮ ስሙ ቀልዓት አስ-ሱበይባ ነው።

የኛ ተሳላሚ ደግሞ ከፍታ ካየ አይተውም። ደብረ ዳሞን በገመድ የወጣ ሰው አውቶቡስ የሚደርስበትን ኮረብታ ሊተው ነው? ወጣን።

የዚያን ቀን አስጎብኚ በሥራው የቆየ፣ ሰው የሚወደው ሰውዬ ነው። ግንቡ አናት ላይ ቆሞ ቁልቁል ባንያስን እያሳየ «ይህን የሠሩት የመስቀል ጦረኞች ናቸው፤ ከደማስቆ የሚመጣውን ጦር ሊጠብቁበት» አለ። ተረጎምኩ። ክርስቲያኖች ሠሩት ሲባል አንዲት እናት እልል አሉ፣ ሌሎቹም ተቀበሏቸው።

ቀጥሎ ትልቁ የድንጋይ ጽሑፍ ጋ ደረስን። የተቀረጸ አንበሳም አለ። አንድ አባት ገና ከሩቁ «የይሁዳ አንበሳ!» ብለው ፎቶ አንሱኝ አሉ። ከቡድኑ መካከል ካርቱም ያደገች፣ ትምህርቷንም እዚያው የተማረች ሴት ነበረች። ቁጢጥ ብላ ፊደሉን በጣቷ መከተል ጀመረች። የተጠላለፈ ጽሕፈት ስለሆነ ብዙም አልሄደላትም። ከዚያ ቀና ብላ፣

«ወንድሜ፣ ይኼ እኮ ሱልጣን ነው የሚለው። አል-መሊክ አዝ-ዛሂር ይላል። ክርስቲያኖች ነው ያላችሁን?»

አሁን ምን ይደረግ? አስጎብኚው አማርኛ አይሰማም። አለባብሶ ማለፍም፣ ቆይቶ ለብቻው መንገርም ይቻል ነበር። አንዳንድ ባልደረቦቼ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፤ እኔ ግን የሚመስለኝ ሌላ ነው። ሰው ሁሉ የሰማውን ጥያቄ አስተርጓሚ ከዋጠው፣ ከዚያ በኋላ የሚለውን ማን ያምነዋል? ቃል በቃል ተረጎምኩለት።

ትንሽ ፈገግ ብሎ «ሙስሊሞቹ በኋላ ስለያዙት ነው፤ ጽሑፉ የኋለኛው ነው» አለ። መልሱ አያስኬድም አይባልም። ሴትዮዋ ግን አለቀቀችውም። «እሺ፣ ታዲያ የመጀመሪያዎቹ ጽሑፍ የታል?»

ዝም አለ። አንድ ልጅ በር ላይ ከትኬቱ ጋር የተሰጠንን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። በእንግሊዝኛ፣ ሁላችንም ይዘነው የዞርነው ወረቀት ነው። ምሽጉን ያሠራው ኢየሩሳሌምን ከመስቀል ጦረኞች የወሰደው የሙስሊሙ ሱልጣን የሳላዲን የወንድም ልጅ አል-አዚዝ ዑስማን ነው ይላል፤ ወደ 1229 እ.ኤ.አ. ገደማ። አስጎብኚው ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበና «እኔ የተማርኩት እንደዚያ ነበር» አለ። እሱንም ተረጎምኩት።

ሰውዬው ዋሽቶ አይደለም። ባንያስ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በመስቀል ጦረኞች እጅ ስለነበረች ምሽጉም የነሱ ነው ሲባል ኖሯል፤ ምሁራኑም ይሉት ነበር። የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲው ሮኒ ኤለንብሉም በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ነው የአዩቢዶች፣ ማለትም የሳላዲን ቤተሰብ ሥርወ መንግሥት፣ ሥራ መሆኑን ያሳየው። የተሠራውም በተቃራኒው፣ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት የዳግማዊ ፍሬድሪክ የመስቀል ጦር ደማስቆ እንዳይደርስ መንገዱን ለመዝጋት ነው። በ1260 ሞንጎሎች መጥተው ከፊሉን አፈረሱት። እነሱ ዓይን ጃሉት በሚባል ቦታ በግብፅ ጦር ከተሸነፉ በኋላ የግብፁ ሱልጣን ባይባርስ ያዘውና ለቀኝ እጁ ለቢሊክ ሰጠው። ቢሊክ ትልልቆቹን ግንቦች ጨመረ፤ በ1275 ያንን ጽሑፍ አስቀረጸ፤ ጌታው ከሞተ በኋላ ብዙም ሳይቆይ እሱም ሞተ፤ ተገደለ ነው የሚባለው። ከዚያ የመስቀል ጦረኞች ዋና ከተማ የነበረችው ዐካ በ1291 ስትወድቅ የሚጠበቅ ጠላት ጠፋ። ምሽጉ የቱርኮች እስር ቤት ሆነ፣ ቀጥሎ የእረኞች መዋያ፣ በ1759 ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ መታው። አንበሳውም የባይባርስ ምልክት ነው። ፎቶ የተነሱት አባት ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ፎቶውን አጥፉት» አሉ። ሳቅን።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አስጎብኚውን «አንድ ነገር ልጨምር?» ብዬ አስፈቀድኩ። አስተርጓሚ ከራሱ አይጨምርም፤ ያለ ፈቃድ አይሆንም። አል-መሊክ አዝ-ዛሂር የተባለው ባይባርስ እኮ የኛው ይኩኖ አምላክ ደብዳቤ የጻፈለት ሰው ነው። ያኔ ጳጳስ የሚመጣልን ከእስክንድርያ ነበር፣ እስክንድርያ ደግሞ በሱልጣኑ እጅ። ስለዚህ ንጉሡ በ1270ዎቹ አጋማሽ በየመን በኩል «ጳጳስ ይላክልን» ብሎ ለመነ። ያ ድንጋይ በተቀረጸበት ዘመን መሆኑ ነው።

«ላከለት?» አሉ አንድ ቄስ ከኋላ ወንበር። ነገሩ በአንድ ደብዳቤ አላለቀም አልኳቸው፤ ልጁ ይግባ ጽዮንም በተራው ለሱልጣን ቃላውን ጽፏል። ቄሱ «ስልክ የለ፣ ምን ያድርጉ» አሉና ክርክሩ እስከ ጥብርያዶስ ዘለቀ። ማጉያው እጄ ላይ ቀርቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያ አስጎብኚ ምሽጉ በር ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዐረብኛ የሚያነብ አለ?» ብሎ ነው። የይኩኖ አምላክን ስም በዕብራይስጥ ፊደል ጻፍልኝ ብሎኝ በዚያችው ወረቀት ጀርባ ጽፌለታለሁ። «ያኩኖ» ነው የሚለው፣ ስንቴ አረምኩት።