አንድ ፊልም፣ 12 ፎቶ፦ በትልቅ ፊልም ማንሳት እንዴት ጀመርኩ

እማማ ቤት ግድግዳ ላይ አንዲት ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለች። እማማና አባባ በተጋቡ ሰሞን ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ገብተው የተነሷት ናት። እማማ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አባባ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ ቆሟል። ከኋላቸው ሐይቅና ዛፍ የተሳለበት መጋረጃ ይታያል። ፎቶዋ ከመዳፍ ብዙም አትበልጥም። ግን ጠጋ ብላችሁ ካያችኋት የእማማን የጥልፍ ክር አንድ በአንድ መቁጠር ትችላላችሁ።

እኔ ስልኬ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር የእማማ ፎቶ ነበረኝ። እንደዚያች ፎቶ ቆም ብዬ የማየው ግን አንድም አልነበረም። ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፎቶ ቤት የሠሩ ጡረተኛ ፎቶ አንሺ አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። ፎቶዋን ይዤ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ወስደው አገላብጠው አዩአትና፣ «ይሄ እኮ በትልቅ ፊልም የተነሳ ነው ልጄ። ነጋቲቩንም በእርሳስ ነክተውታል፤ ጉንጯን ተመልከት» አሉኝ።

እዚያው ቁጭ ብዬ ሁለት ሰዓት አወራን። ነገሩ የጀመረው ያን ቀን ነው።

አብዛኞቻችን የምናውቀው ባለ 36ቱን ፊልም ነው። የአንዱ ፎቶ ስፋት 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው። ከእሱ ከፍ የሚለው መካከለኛ ፊልም 120 ይባላል። ኮዳክ በ1901 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፤ ዛሬም ይመረታል። ከአንዱ ጥቅል ስንት ፎቶ እንደሚወጣ የሚወስነው ካሜራው ነው። 6 በ6 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 12፣ 6 በ7 ከሆነ 10፣ 6 በ9 ከሆነ 8 ይወጣል። ትልቁ ፊልም ግን ጥቅል አይደለም። እያንዳንዱ ፎቶ ለብቻው የተቆረጠ አንድ ቁራጭ ነው። የተለመደው መጠን 4 በ5 ኢንች ነው፤ ከባለ 36ቱ አንድ ፎቶ ከአሥር እጥፍ በላይ ይሰፋል። ፊልሙ ሰፊ ሲሆን ለማተም ብዙ ማጉላት አያስፈልግም። የእማማ ጥልፍ ጥርት ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

ይህ ዓይነት ካሜራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበሩ። ልጃቸው ቶኒ ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አንስተዋል። በመጽሐፍና በካላንደር ላይ ያየናቸው የድሮ ፎቶዎች ብዙዎቹ በእንዲህ ዓይነት ትልልቅ ካሜራ የተነሱ ናቸው።

ጋሼ ቁም ሣጥናቸው ውስጥ የተቀመጠች ያሺካ ማት 124 ጂ አዋሱኝ። ሁለት ሌንስ ያላት ናት፤ ላይኛው ለማየት፣ ታችኛው ለማንሳት። አንገታችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ ከላይ ወደ ታች ነው የምታዩት። ግራና ቀኙ ይገለበጣል። ሰውየው ወደ ግራ ሲሄድ በመስታወቱ ላይ ወደ ቀኝ ይሄዳል። እጄ እስኪለምድ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ያን ጊዜ ያለ ፊልም ነበር የተለማመድኩት፤ ጋሼ ፊልም እንዳስገባ አልፈቀዱልኝም። አሁን ሳስበው ትልቅ ውለታ ነው የዋሉልኝ።

ስለ ብርሃን መለኪያዋ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የዚህች ካሜራ መለኪያ የተሠራው በሜርኩሪ ባትሪ እንዲሠራ ነው፤ ያ ባትሪ ደግሞ አሁን አይመረትም። ሌላ ባትሪ ብታስገቡ ቮልቴጁ ስለሚለይ ንባቡ ይዛባል። እኔ የምጠቀመው ስልክ ላይ የሚጫን የብርሃን መለኪያ ነው። በደንብ ይሠራል።

የመጀመሪያው ጥቅል ላይ ከ12ቱ የተረፉት አራት ብቻ ነበሩ። የቀሩት ጠርዛቸው ነጭ ሆኖ ተበላሽቷል። 120 ፊልም እንደ ባለ 36ቱ ቆርቆሮ ውስጥ የገባ አይደለም። ከብርሃን የሚከልለው ጀርባው ላይ ያለው ወረቀት ብቻ ነው። ስታስገቡትም ስታወጡትም በአውራ ጣት ጠበቅ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። ከላላ ብርሃን በጎን ይገባል። እኔ ደግሞ ያወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ መስቀል አደባባይ ላይ ቆሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥላ ካላገኘሁ ካሜራ አልከፍትም። ጥላ ከሌለ በራሴ ጀርባ እከልለዋለሁ።

ሁለተኛው ጥፋት የባሰ ነበር። ፊልም እዚህ እንደ ልብ አይገኝም። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ስትመጣ አሥር ጥቅል አስመጣሁ። የት እንደምታስቀምጠው አልነገርኳትም። ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው፤ ሻንጣው ደግሞ በጭነት ገባ። የጭነት ሻንጣ የሚፈተሽበት ጨረር በጣም ኃይለኛ ነው። ፊልሞቹ ሲታጠቡ ሁሉም ላይ እንደ ማዕበል የሚመላለስ ጥላ ወጣባቸው። አሥሩም። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። አሁን ለሚያመጣልኝ ሰው ሁሉ አንድ ነገር እላለሁ። ፊልሙን በእጅ ቦርሳ ያዝ፤ በሚታይ ላስቲክ አድርገው፤ ፍተሻው ጋ ስትደርስ በእጅ እንዲያዩት በትህትና ጠይቅ። አንዳንድ ኤርፖርቶች ለእጅ ቦርሳ የሚጠቀሙባቸው ሲቲ የሚባሉ አዳዲስ የጨረር መፈተሻዎችም ፊልም ይጎዳሉ። ስለዚህ መጠየቁ ግድ ነው።

ፊልም ማጠብ የተማርኩት ቤት ነው። መታጠቢያ ቤቱን በማታ አጨልማለሁ፣ ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በፎጣ እደፍናለሁ። ፊልሙን በጨለማ በፊልም መጠቅለያው ጎማ ላይ ጠቅልዬ ክዳን ያለው ማጠቢያ ውስጥ ከከተትኩ በኋላ መብራት ማብራት ይቻላል። እኔ ኢልፎርድ ኤችፒ 5 ፕላስ የሚባለውን ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው የያዝኩት፤ የማጥበውም አይዲ 11 በሚባል መድኃኒት ነው። አይዲ 11ን ከእኩል ውሃ ጋር ከቀላቀላችሁት በ20 ዲግሪ 13 ደቂቃ ነው። በክረምት የቧንቧችን ውሃ ስለሚቀዘቅዝ በማንቆርቆሪያ ያፈላሁትን ጠብ ጠብ እያደረግኩ 20 አደርሰዋለሁ። ቴርሞሜትር አትሰስቱ። ፊልም መቀያየር፣ መድኃኒት መቀያየር የጀማሪ በሽታ ነው። አንድ ፊልምና አንድ መድኃኒት ይዛችሁ ዓመት ብትቆዩ የተበላሸው ነገር ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ማለቅለቁ ያስጨንቀኝ ነበር። መፍትሔው የኢልፎርድ የራሱ ዘዴ ሆኖ ተገኘ። ማጠቢያውን ውሃ ትሞላላችሁ፣ 5 ጊዜ ትገለብጣላችሁ፣ ትደፋላችሁ። እንደገና ሞልታችሁ 10 ጊዜ። ከዚያ 20 ጊዜ። በቃ። አንድ ጀሪካን ይበቃል፣ ይተርፋልም። ለመጨረሻው ለቅለቅ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ነው የምጠቀመው። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ፊልሙ ላይ ነጠብጣብ ይተዋል። ስትገዙ ግን አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ደጋግማችሁ ጠይቁ። መድኃኒት ደግሞ ሃይላንድ ውስጥ አታስቀምጡ። እኔ አስቀምጬ ታናሽ ወንድሜ ሊጠጣው ሲያነሳ ደረስኩበት። ዛሬም ሳስበው ያንቀጠቅጠኛል።

አሁን በጣም ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ ነጠላ።

የእኛ ሰው ነጠላ ለብሶ ሲቀመጥ ከፊታችሁ ሁለት ጫፍ አለ፤ በጣም ነጭ ጨርቅና ጠይም ፊት። የስልኩ መለኪያ ነጩን ያይና «ብርሃን በዝቷል» ይላል። እሱን ካመናችሁት ፊቱ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ይቀራል። የመጀመሪያዎቹ የእማማ ፎቶዎች እንደዚያ ነበሩ። ነጠላዋ ያምራል፣ ዓይኗ የለም። ጋሼ ነጋቲቩን ብርሃን ላይ ይዘው አዩትና «ነጠላውን እርሳው። ፊቷን ለካ» አሉኝ። ጥቁርና ነጭ ነጋቲቭ ብዙ ብርሃን ይችላል፤ ትንሽ ብርሃን ግን አይችልም። ፊልሙ ላይ ያልተመዘገበ ጥላ በምንም አይመለስም። ስለዚህ ጉንጩ ሥር ተጠግቼ እለካለሁ። ነጠላው ከመጠን በላይ እንዳይነጣ ደግሞ ፊልሙን ስታጥቡ ጊዜውን ትንሽ መቀነስ ነው። እኔ ከ13 ደቂቃው ሁለት ደቂቃ አነሳለታለሁ። ከዚያ በኋላ የጥለቱም ክር፣ የግንባሯም መስመር አብረው መጡ። ካሜራ የጥቁር ሰው ፊት አይወድም ሲባል እሰማለሁ። በትክክል ከለካችሁት ይወዳል። የለካው ሰው ነው የሚሳሳተው።

ወደ 4 በ5 የተሻገርኩት ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ነው። ብራይተን ውስጥ የሚሠራውን ኢንትረፒድ የሚባል ቀላል የእንጨት ካሜራ ለንደን ያለ ዘመዴ ይዞልኝ መጣ። ሌንሱ ያገለገለ 150 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ካሜራ እንደ አኮርዲዮን የሚሳብ ጨለማ ሆድ፣ ፊቱ ላይ ሌንስ፣ ጀርባው ላይ የደበዘዘ መስታወት ብቻ ነው። ጥቁር ጨርቅ ተከናንባችሁ መስታወቱን ታያላችሁ። ሰውየው ተዘቅዝቆ ይታያል።

ፊልሙ ውድ ስለሆነ መጀመሪያ የተለማመድኩት በፎቶ ማተሚያ ወረቀት ነው። ወረቀቱን በቀይ መብራት ቆርጬ በፊልሙ ቦታ አስገባሁ። ፍጥነቱ፣ ማለትም ብርሃን የመቀበል አቅሙ፣ አይኤስኦ 6 ገደማ ብቻ ስለሆነ ብዙ ብርሃን ይፈልጋል። ጀበናና ረከቦት አንስቼበታለሁ፣ የግቢያችንን በር አንስቼበታለሁ። ወረቀቱ ቀይ ስለማያይ ለጠይም ፊት አይሆንም። የእጅን ቅደም ተከተል ለማስለመድ ግን ከዚህ የረከሰ ትምህርት ቤት የለም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ሌንሱን ከፍቶ ማየት። በማጉያ መነጽር ዓይን ላይ ፎከስ ማድረግ። አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን ቀዳዳ፣ ማጥበብ። ሹተሩን መዝጋት። ሹተሩን መወጠር። ፊልም መያዣውን ማስገባት። መከለያውን መሳብ። ማንሳት። መከለያውን በጥቁር ጎኑ ወደ ውጭ አድርጎ መመለስ፤ ነጩ ገና ያልተነሳ፣ ጥቁሩ የተነሳ ማለት ነው። እኔ «ሹተሩን መዝጋት» የሚለውን ዘልዬ ሦስት ቁራጭ አቃጥያለሁ። ጥቁርና ነጩን ባለማየት ደግሞ የእማማን ፊት የግቢያችን ዛፍ ላይ ደርቤ አንስቻለሁ። አሁን እያንዳንዷን ድምፄን አውጥቼ ነው የምላት። እማማ መጀመሪያ የምጸልይ መስሏት ዝም አለች።

አንድ ሌላ ነገር፤ ሰው ቀርባችሁ ስታነሱ አኮርዲዮኑ ይረዝማል፣ ብርሃኑም ይደክማል። ሹተሩ ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ መጨመር አለባችሁ። እኔ የልብስ ሰፊ ሜትር ኪሴ ውስጥ አለ። በ150 ሚሊ ሌንስ ከሌንሱ እስከ መስታወቱ 21 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ጊዜውን እጥፍ አደርጋለሁ። 30 ከደረሰ አራት እጥፍ።

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ እማማ ቤት ካሜራውን ተከልኩ። መስኮቱ ጎን፣ ያው የድሮ ወንበር ላይ። ሰው ፎከስ ከተደረገበት በኋላ ሳያውቀው ወደ ፊት ዘንበል ይላል፤ ዓይኑ ይደበዝዛል። ጋሼ ያስተማሩኝን አደረግኩ። ካሜራው ላይ ክር አስሬ ጫፉን ግንባሯ ላይ አስነካሁ። መያዣውን ካስገባሁ በኋላ እንደገና ለካሁ። ኤፍ 8፣ የሰከንድ አንድ ስምንተኛ። «እማማ፣ አሁን እንዳትንቀሳቀሺ» አልኳት። «እኛ ድሮም አንንቀሳቀስም» አለችኝ። ሁለት ቁራጭ ብቻ ነው ያነሳሁት።

4 በ5 ነጋቲቭ ማጉያ ማሽን አይፈልግም። በቀይ መብራት ነጋቲቩን ማተሚያ ወረቀቱ ላይ አስተኛችሁ፣ መስታወት ጭናችሁ፣ አምፖሉን ለጥቂት ሰከንድ አብርታችሁ ታጠፋላችሁ። ወረቀቱን ትሪ ውስጥ ስከተው መጀመሪያ ብቅ ያለው ጥላው ነበር፤ ከኋላዋ ያለው ግድግዳ። ከዚያ ፀጉሯ። ከዚያ ዓይኗ። የነጠላው ጥለት በመጨረሻ መጣ።

ሲደርቅ ወስጄ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። ከዚያ ገለበጠችና «እስክሪብቶ ይዘሃል? ጻፍበት» አለችኝ። የድሮዋ ፎቶ ጀርባ ላይ አባባ የጻፈውን በቃሏ ታውቀዋለች። «ለማይረሳ ማስታወሻ ይሁን» አስባለችኝ፣ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን አስጻፈችኝ። እኔ ከአሮጌዋ ጎን ልሰቅለው ሚስማር ይዤ ነበር። እሷ ዳዊቷን ገልጣ መሃሉ ላይ አስቀመጠችው።