ኤኒዴስክን ከቢሯችን ኮምፒውተሮች ለቅሜ ያወጣሁበት መንገድ

አዲስ አበባ ውስጥ አይቲ ላይ የሠራ ሰው ይህን ያውቃል። የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ እምቢ ካለ ወይም የሐዋሳ ቅርንጫፍ ፕሪንተር ካኮረፈ መጀመሪያ የሚባለው «ኤኒዴስክ ቁጥርህን ላክልኝ» ነው። ኤኒዴስክ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ከርቀት ገብቶ ለመሥራት የሚያገለግል ፕሮግራም ነው። ቁጥሩ በቴሌግራም ይላካል፣ ባለሙያው ገብቶ ያስተካክላል፣ ይወጣል። ፕሮግራሙ ግን እዚያው ይቀራል፤ አንዳንዴም ከነቋሚ ፓስዎርዱ።

ይህን ላጸዳ የተነሳሁት የአሜሪካው የሳይበር ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሲሳ ከሀገሪቱ የስለላ መሥሪያ ቤት ኤንኤስኤ ጋር ጃንዋሪ 2023 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ማስጠንቀቂያ ካነበብኩ በኋላ ነው። አጭበርባሪዎቹ የኮምፒውተር ድጋፍ ክፍል መስለው ኢሜይል ይልካሉ። ሠራተኛው ኤኒዴስክ ወይም መሰሉን ስክሪንኮኔክት ያወርዳል፤ ሳይጫን የሚሠራው ዓይነት ስለሆነ የአድሚን ፈቃድ አይጠይቅም። ከዚያ የባንክ ሒሳቡን ያስከፍቱትና ስክሪኑ ላይ ቁጥሩን ቀይረው «በስህተት ብዙ ገንዘብ ተመልሶልሃል፣ ትርፉን ላክልን» ይሉታል። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ኔትወርክ ላይ ሳይቀር ተገኝቷል። እዚህ ውስጥ ቫይረስ የሚባል ነገር የለም። አንቲቫይረሱ የሚያየው ሕጋዊ ኩባንያ የእኔ ነው ብሎ በዲጂታል ፊርማ የፈረመበትን ፋይል ነው፣ ያሳልፈዋል።

መጀመሪያ ያለውን ቆጠርኩ። የተጫኑ ፕሮግራሞችን ዝርዝር ብቻ ማየት አይበቃም፣ ያልተጫነው እዚያ አይወጣም። ስለዚህ ዳውንሎድና ዴስክቶፕ ፎልደሮችን ሁሉ በስክሪፕት አሰስኩ፤ በፋይሉ ስም ሳይሆን በፈራሚው ኩባንያ ስም፣ ምክንያቱም የፋይል ስም መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፣ ፋይሉ ላይ ያለው ፊርማ ግን አብሮ አይቀየርም። ኤኒዴስክ፣ እንደ እሱ ከርቀት የሚያስገቡት ቲምቪወርና አልትራቪወር፣ ሁሉም ተገኘ። የሒሳብ ሰርቨሩ ላይ ከእነዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር።

ቀጥሎ ማን እንደገባ ማየት ነው። ኤኒዴስክም ቲምቪወርም የገቢ ግንኙነት መዝገብ አላቸው። የቲምቪወሩ ሰዓት በግሪንዊች ስለሆነ ተጠንቀቁ፦ 18:00 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ማታ 3 ሰዓት ነው። እሑድ ማታ ሰርቨሩ ላይ የገባ ሰው አገኘሁ። ሲጣራ ድሮ ለሶፍትዌር አቅራቢው ይሠራ የነበረ፣ ከለቀቀ የቆየ ልጅ ሆነ። የእኛ ሒሳብ ሠራተኛ ለምናው ሪፖርት ሊያስተካክልላት ነው የገባው። ክፋት አልነበረውም። ግን ፓስዎርዱን እስካሁን ይዞታል፣ ያውም አቅራቢው ለሁሉም ደንበኞቹ የሚያስገባውን ያንኑ ፓስዎርድ።

ከዚያ አንድ መሣሪያ ብቻ መረጥን፦ በየሰው አካውንት የሚገባበት፣ ስልክ ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቅ፣ መዝገቡ እኔ ጋ የሚቀመጥ። የተመረጠውም ቢሆን ወዲያው አፕዴት ይደረጋል። ፌብሩዋሪ 2024 ላይ ስክሪንኮኔክት ውስጥ ያለ ፓስዎርድ የሚያስገባ ቀዳዳ ተገኝቶ በአደገኛነት መለኪያው ከ10 10 ተሰጥቶታል።

ሌላውን ሁሉ ዘጋሁ። ፖርት (ፕሮግራሞች በኔትወርክ የሚወጡበትን ባለቁጥር በር) መዝጋት ላይ አትድከሙ፤ ኤኒዴስክ እንደ ማንኛውም ዌብሳይት በ443 ይወጣል፣ ቲምቪወርም 5938 ሲዘጋበት ወደዚያው ይዞራል። ፋየርዎሉ ላይ የሚዘጋው የሰርቨሮቻቸው የዶሜይን ስም ነው። ኮምፒውተሮቹ ላይ ደግሞ የማይፈለግ ፕሮግራም እንዳይከፈት የሚያግደውን የዊንዶውስ አፕሎከር በፈራሚው ስም እንዲከለክል አዘዝኩት። እዚህ ጋ የምታስቸግር ነገር አለች፦ ኤኒዴስክ ራሱ ተጠልፎ በ2024 መጀመሪያ ፊርማውን ቀይሯል። የድሮው ፋይል የተፈረመው ፊላንድሮ ሶፍትዌር በሚል ስም ነው፣ አዲሱ ኤኒዴስክ ሶፍትዌር ይላል። አንዱን ብቻ ከከለከላችሁ ሌላው ይሠራል።

ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣውን የርቀት ድጋፍ ፕሮግራም፣ ኩዊክ አሲስትንም አነሳሁት፣ እኛ ጋ የሚጠቀምበት የለም። ሜይ 2024 ላይ ማይክሮሶፍት እንደገለጸው ሌቦቹ የሰውን ኢሜይል በማይረባ መልእክት ያጥለቀልቁታል፣ ከዚያ «አይቲ ነኝ፣ ላስተካክልልህ» ብለው ይደውላሉ። ጭንቅ ላይ ያለ ሰው ደስ ብሎት ያስገባቸዋል። ስለዚህ ለሠራተኛው ያልኩት አንድ ነገር ነው፦ እኔ ነኝ ብሎ ቢደወልላችሁ እንኳ ዝጉና በውስጥ መስመር መልሳችሁ ደውሉልኝ።

ከቴክኒኩ ይልቅ ያደከመኝ ሰው ማሳመን ነበር። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ «አንተ ልጅ፣ በቫት ማስታወቂያ ሰሞን ምን አመጣህብን!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ወሩ እስኪዘጋ ጠበቅኩ፣ የሳቸውን ክፍል መጨረሻ አደረግኩት፣ ከዚያ በኋላ ራሳቸው ለሌሎቹ ያስረዱልኝ ጀመር። አቅራቢዎቹም ላይ ውል ጨመርን፦ ስትገቡ በእኛ መሣሪያ፣ በስማችሁ፣ እኛ ስንከፍትላችሁ ብቻ። አብዛኞቹ ተስማሙ። አንዱ እምቢ አለ፣ «ከእናንተ ለየት ያለ አሠራር አልይዝም» ብሎ። የእሱ ባለሙያ አሁን ችግር ሲኖር በአካል ይመጣል፣ የታክሲውን እኛ እንከፍላለን።