ለሁለት ሰው፣ ቻርልስ ስትሪት እስር ቤት

ቦስተን ሶስት ቀን ነው የቆየሁት፣ ሁለቱን ዝናብ በላብኝ። በሶስተኛው ቀን የአክስቴ ልጅ ከስራ ልትወጣ ስትል ደወለችና «ዛሬ ዘብጥያ ነው የማወርድህ፣ ቶሎ ና» አለችኝ። ከድሮው ቻርልስ ስትሪት እስር ቤት አጠገብ ያለው ሆስፒታል ነው የምትሰራው፣ አራት አመት ሙሉ በበሩ ስታልፍ አንድ ቀን ገብታ አታውቅም፣ ሰው የሚኖርበትን ከተማ የሚያየው እንግዳ ሲመጣበት አይደል።

ከወንዙ ማዶ ካለችው ካምብሪጅ በቀዩ መስመር ባቡር መጣሁ። ባቡሩ ከመሬት ስር ወጥቶ ወንዙን በሎንግፌሎው ድልድይ ላይ ሲሻገር ሰው ሁሉ ከስልኩ ቀና ይላል፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ፣ ከዛ ጣቢያው ነው። ከጣቢያው ወርደህ ትንሽ እንደሄድክ ያ ግራጫ ግራናይት ህንፃ ቆሞ ታገኘዋለህ። ከ1851 እስከ 1990 የቻርልስ ስትሪት እስር ቤት ነበር፣ ከ2007 ወዲህ ሆቴል ሆኗል፣ ስሙም ሊበርቲ፣ ነፃነት በለው። ሬስቶራንቱ ክሊንክ ይባላል፣ በእነሱ የሰፈር ቋንቋ ያው ዘብጥያ ማለት ነው፣ ባሩ ደግሞ አሊባይ፣ ወንጀሉ ሲሰራ እኔ ሌላ ቦታ ነበርኩ የሚባለው ነገር። አንደኛው ስም ያስቃል፣ ሁለተኛውም ይሁን፣ ሶስተኛው ላይ ግን በቃ ገብቶናል ትላለህ።

በር ላይ መታወቂያ ተጠየቅኩ። ፓስፖርቴን ከጃኬቴ ውስጠኛ ኪስ ፈልጌ እስካወጣ ከኋላዬ ሰልፍ ተሰራ፣ እሷ ትስቃለች፣ «ድሮ ለመግባት እንዲህ አያስቸግሩም ነበር'ኮ»።

መጀመሪያ ዋናው አዳራሽ ገባን። እኔ እስር ቤት ሲባል የጠበቅኩት ጨለማ ነው፣ ይሄ ግን ጣሪያው 90 ጫማ ይርቃል፣ 27 ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ መስኮቶቹ ደግሞ የቤተክርስቲያን ነው የሚመስሉት፣ ረጃጅም፣ ከላይ ቅስት ያላቸው፣ የማታ ፀሀይ በእነሱ ገብታ ጡቡ ላይ ተኝታለች። ለካ ድሮም ለሆቴል ተብሎ የተከፈተ መስኮት አይደለም። ህንፃውን የነደፈው ግሪድሊ ጄምስ ፎክስ ብራያንት ነው፣ አብሮት ደግሞ ሉዊስ ድዋይት የሚባል የእስረኛ አያያዝ ይስተካከል ብሎ የሚከራከር ቄስ ነበረ፣ ብርሃንና አየር ያገኘ ሰው ይታረማል የሚል እምነት ነበራቸውና ከመሀል አዳራሹ አራት ክንፍ አውጥተው በመስቀል ቅርፅ ሰሩት። ሀሳቡ ቆንጆ ነበር። ክፍሎቹ 220 ናቸው፣ እያንዳንዱ ለአንድ ሰው የታሰበ፣ በኋላ ሁለት ሁለት ሰው መታጨቅ ተጀመረና በ1973 የፌዴራል ፍርድ ቤት ይሄ የሰው ህገመንግስታዊ መብት መጣስ ነው ብሎ ፈረደ። ከፍርዱ በኋላ እስኪዘጋ 17 አመት ፈጀ።

ክሊንክ ውስጥ ከድሮዎቹ ክፍሎች የተወሰነ ትተዋል። አንዱ'ጋ ቆሜ ሁለት እጄን ዘረጋሁ፣ ከግድግዳ ግድግዳ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። ወለሉ ስምንት ጫማ በአስር ጫማ ገደማ ነው። አስተናጋጇ መጥታ «ለሁለት ሰው?» ስትለን የአክስቴ ልጅ አየችኝ፣ አየኋት፣ አሊባይ እንሂድ አልን።

አሊባይ ድሮ ሰካራም ተለቅሞ እስኪበርድለት የሚታጎርበት ክፍል ነበር። ዛሬ በገንዘብህ ትሰክርበታለህ። ወለሉ የድሮው ድንጋይ ነው፣ የብረት ፍርግርጉ እንዳለ አለ፣ ግድግዳው ላይ የታዋቂ ሰዎች የፖሊስ ጣቢያ ፎቶ ተደርድሯል። ፍርግርጉን ነካሁት፣ ቀለሙ ብዙ ጊዜ ተደራርቦ ከመቀባቱ የተነሳ ጠርዝ የሚባል ነገር የለውም፣ እንደ ሻማ ለስልሷል፣ ቅዝቃዜው ግን ያው የብረት ነው። እሷ ጃኬቷን ሰቀለችበት።

ሃፒ አወር አላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩ፣ ባርቴንደሩ ሳቀብኝ። ማሳቹሴትስ ከ1984 ጀምሮ በሰዓት እየለዩ መጠጥ ማርከስ በህግ ክልክል ነው። እሺ ብዬ ዋርድ ኤይት የሚባለውን ኮክቴል አዘዝኩ፣ ሜኑ ላይ አልነበረም ግን የቦስተን ባርቴንደር አላውቀውም አይልም፣ ራይ ውስኪ፣ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ግሬናዲን የሚባል ቀይ ጣፋጭ ሽሮፕ። ቀይ ብርቱካንማ ሆኖ መጣ፣ መጀመሪያ ጭማቂ ይመስልሃል፣ ራዩ ከኋላ መጥቶ ጉሮሮህን ይይዝሃል። የአክስቴ ልጅ ነገ ጠዋት ስራ ስላለባት አልኮል የሌለው ጂንጀር ቢር በሎሚ አለች፣ የተጠበሰ ድንችና በርገር ተካፈልን፣ ስለሱ የምለው የለኝም፣ በርገር ነው።

ዋርድ ኤይትን የመረጥኩት በምክንያት ነው። በ1898 ለማርቲን ሎማስኒ የምርጫ ድል ተብሎ የተፈጠረ ነው ይባላል፣ ሌላ ታሪክ የሚያወሩም አሉ። ሎማስኒ የቀጠና 8፣ በእንግሊዝኛው የዋርድ ኤይት፣ የፖለቲካ አለቃ ነበር፣ ቀጠናው ደግሞ ይሄው እስር ቤቱ ጥግ ላይ ያለው ዌስት ኤንድ የሚባለው ሰፈር። የዛን ዘመን ፖለቲካ ሌላ ነው፣ ጄምስ ማይክል ከርሊ በ1904 እዚሁ ነው የታሰረው፣ ጥፋቱ የመንግስት ስራ ፈተና ለሌላ ሰው ገብቶ መፈተኑ፣ እስር ቤት ሆኖ ምርጫ አሸነፈ፣ ኋላም የቦስተን ከንቲባ ሆነ። ለጓደኛው ብሎ ነው ያደረገው እያሉ ነው የመረጡት።

ግን ዌስት ኤንድን ላሳይህ ቢባል የለም። ትናንትና ዝናብ አባሮኝ የሰፈሩ ሙዚየም ገብቼ ነበር። ከ1958 ጀምሮ ያረጀ ሰፈር ነው ተብሎ በዶዘር ፈረሰ፣ ጣሊያኑ፣ አይሁዱ፣ ፖላንዱ፣ አየርላንዱ አንድ የቤት ደረጃ ላይ ተቀምጦ የሚያወራበት ሰፈር፣ ከ2,000 በላይ ቤተሰብ ተነሳ። እስር ቤቱ ቆመ። ይሄን ለአክስቴ ልጅ ስነግራት ድንቹን ይዛ ቆመች፣ «ቤቱን አፍርሰው እስር ቤቱን ቅርስ አሉት?» አለች። ቅርስ መሆኑ ልክ ነው፣ እኔም ህንፃው ቢፈርስ ኖሮ የሚቆጨኝ ነኝ፣ አዳራሹን ያየ ይፍረደኝ። ግን ግራናይት ስለሆነ፣ አምሮ ስለተሰራ ተረፈ፣ የደሃ ቤት ደረጃ ግን ማን ያድሰዋል።

ሂሳብ መጣ፣ 7 ፐርሰንት ታክስ፣ ላዩ ላይ ቲፕ፣ እኔ ልክፈል እኔ ልክፈል ተባብለን እሷ አሸነፈች።

ውጪ መሽቷል፣ በረዶ የነካው ንፋስ ከወንዙ ይመጣል። ሰፈሩ በፈረሰበት ቦታ ላይ የተሰሩት ረጃጅም አፓርትመንቶች መብራታቸው በርቷል። ለብዙ አመት ከነሱ ስር በመኪና ለሚያልፈው ሰው አንድ ሰሌዳ ነበራቸው፣ እዚህ ብትኖሩ ኖሮ አሁን ቤታችሁ ነበራችሁ የሚል። ስነግራት ሰዓቷን አየች። ቤቷ ለመድረስ አንድ ባቡርና አንድ አውቶብስ ይቀራታል።