ሴጋዬ አልሞተም፣ ማብሪያዋ ናት

ባለፈው እሑድ ሴጋዬ፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካው የድሮ ጌም ማጫወቻዬ፣ በራ። ሦስት ዓመት ሙሉ “በቃ፣ ሞቷል” ተብሎ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ሲጠጣ የነበረው። ቺፖቹ የተበየዱበት ቦርድ ደህና ነው፣ የጨዋታ ካሴቶቹም ደህና ናቸው፤ የታመመችው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ማብሪያ ማጥፊያ ነበረች። ያዳንኳት በጥጥ፣ በአልኮልና በላጲስ ነው። በዚችው በሽታ ስንት ደህና ዕቃ ሲጣል ስላየሁ ነው ዝርዝሩን የምጽፈው።

ሴጋው የመጀመሪያው ሞዴል ሜጋ ድራይቭ ነው። ጥቁሩ፣ ከላዩ ትልቅ ክብ ያለበት፣ “16 ቢት” የሚል የተጻፈበት። ጃፓን ውስጥ የወጣው በፈረንጆቹ 1988 ነው፣ አውሮፓ የገባው በ1990። እኛ ቤት የደረሰው ግን ከዚያ ዘግይቶ፣ በባቡር፣ ከጅቡቲ ነው። አባዬ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ያኔ ድሬ ውስጥ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ከሆንክ ከጅቡቲ የሚመጣ ነገር ሁሉ ከጎረቤት ትንሽ ቀደም ብሎ ቤትህ ይገባል። ከዚራ ባለው ቤታችን ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ሰው ጋደም ሲል፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ በሽርጥ ቁጭ ብለን ሶኒክ የሚባለውን ጌም እንጫወት ነበር።

ማብሪያዋ ያኔም ታስቸግር ነበር። ስንገፋት ቀዩ መብራት ቦግ ይላል፣ ምስሉ ይመጣል፣ ከዚያ አንድ ሰው ጠረጴዛውን ነካ ሲያደርግ ጥፍት። የመጀመሪያው ሶኒክ ደግሞ የደረስክበትን አያስቀምጥልህም፣ ከጠፋ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ስለዚህ አንዳችን ስንጫወት ሌላችን ማብሪያዋን በጣት ደግፈን እንቀመጥ ነበር። በኋላ ወንድሜ የክብሪት እንጨት ሰንጥቆ ጎኗ ላይ ወተፈና እጃችን ነፃ ወጣ። ያቺ እንጨት ዘንድሮ ስከፍተው እዚያው ነበረች። ወንድሜ ከአገር ከወጣ ቆይቷል፤ ፎቶ አንስቼ ላኩለት።

ከሦስት ዓመት በፊት እንጨቷም አልረዳ አለች። ቀዩ መብራት ፈዘዝ ብሎ ይበራል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ጥቁር ብቻ። አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ሰውየው ቴስተሩን፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ አወጣና የማብሪያዋን እግሮች ነካ ነካ አደረገ፣ ቴስተሩ ጢጥ አለ። “ማብሪያው ይሠራል፣ የሄደው ቦርዱ ነው” አለኝ። አመንኩትና ይዤው ተመለስኩ።

ዘንድሮ የእህቴ ልጅ ለክረምት ከሐረር መጣ። 11 ዓመቱ ነው። ቁም ሳጥኑ ላይ አየውና “አጎቴ፣ ይሄ ይሠራል?” አለኝ። አይሠራም ብዬ ልመልስለት ስል ለራሴ አንድም ቀን በደንብ እንዳልመረመርኩት ትዝ አለኝ። አወረድነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዳፕተሩ 9 ቮልት ይሰጣል። ያ በማብሪያዋ በኩል አልፎ ሁለት 7805 የሚባሉ ባለ ሦስት እግር ዕቃዎች ጋ ይደርሳል፤ እነሱ ወደ 5 ቮልት ያወርዱታል፣ ቺፖቹ የሚሠሩት በዚያች 5 ነው። 7805 ደግሞ 5 ቮልቱን አስተካክሎ ለመስጠት ከላይ ሁለት ቮልት ገደማ ትርፍ ይፈልጋል። ወደ 7 ቮልት ካልገባለት የሚወጣውም አብሮ ይወርዳል። እንግዲህ ከ9ኙ ቮልት ሁለት ሦስቱ ማብሪያዋ ውስጥ ቢቀሩስ?

ማብሪያ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል ብለን ነው የምናስበው። መሃል ላይም ልትቆም ትችላለች። ውስጧ ያለው ብረት ሲቆሽሽ መንገዱ አይዘጋም፣ ይጠባል። ቴስተሩ ሰውየውን ያሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ቴስተር ሲጮህ መንገዱ ክፍት ነው ማለቱ እንጂ ሰፊ ነው ማለቱ አይደለም። ብዙዎቹ በመካከል ጥቂት አስር ኦም (ኦም የመንገዱ ጥበት መለኪያ ነው) ቢኖርም ይጮኻሉ። ለመለኪያ የሚልኩት ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ስለሆነ አያስቸግራቸውም። ሴጋው ግን ሲበራ ብዙ ይስባል። ሦስት ኦም ብቻ ቢኖር፣ አንድ አምፒር ሲያልፍበት ሦስት ቮልት እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ መለካት ያለበት በርቶ እያለ ነው። ሽፋኑን ከፍቼ፣ ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጌ፣ አንዱን ጫፍ ማብሪያዋ መግቢያ፣ ሌላውን መውጫዋ ላይ አደረግሁ። ደህና ማብሪያ ከሆነች ዜሮ አጠገብ መሆን አለበት። የእኔዋ 2.6 ቮልት አሳየች! 9 ገብቶ 6.4 ነው የሚወጣው። የሦስት ዓመቱ “የሞተ ቦርድ” ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ስለ አዳፕተር አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር ዕቃ ያቃጥላል። የመጀመሪያው ሞዴል ሜጋ ድራይቭ ሶኬት መሃሉ ኔጌቲቭ፣ ዙሪያው ፖዘቲቭ ነው። ገበያ ላይ የምታገኙት አብዛኛው አዳፕተር ተቃራኒ ነው፤ የሁለተኛው ሞዴል የራሱ አዳፕተርም ቢሆን ተቃራኒ ነው። እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ የገዛሁትን ባለ 9 ቮልት አዳፕተር ሽቦውን ቆርጬ፣ ሁለቱን አገላብጬ በይጄ፣ በቴስተር ሁለት ጊዜ ካረጋገጥኩ በኋላ ነው የሰካሁት። ቮልቱ ስለተስማማ ብቻ አትሰኩ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ቀላሉን ነው። ነቅዬ፣ አልኮል ማብሪያዋ ውስጥ ጠብ ጠብ አድርጌ፣ ወዲያ ወዲህ ሃምሳ ጊዜ ያህል ገፋኋት። ከፋርማሲ የሚገዛው አልኮል 70 በመቶው ነው፣ ቀሪው ውሃ ስለሆነ በደንብ ሳይደርቅ አታብሩ፤ በድሬ ሙቀት ግን እሱ ብዙ አያስጠብቅም። በራ። የእህቴ ልጅ ጮኸ። በሁለተኛው ቀን ግን እንደገና ጥፍት። ቆሻሻው ከቦታ ቦታ ሄደ እንጂ አልወጣም ነበር።

ጎረቤቴ ቴሌቪዥን ይጠግናል፣ እጁም ጎበዝ ነው። “አቦ፣ ሽቦ አገናኝበትና ተገላገል!” አለኝ። ለሌላ ዕቃ ቢሆን እሰማው ነበር። ለዚህ ግን አልተስማማሁም። ካሴት የሚወጣውና የሚገባው ሴጋው ጠፍቶ ነው፣ ማብሪያ ከሌለ ልጅ አንድ ቀን በርቶ እያለ ይመዘዋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ኃይሉ ከፍ ዝቅ እያለ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን፣ ሽቦ የተገናኘበት ዕቃ ያንን ሁሉ ይቀበላል። ከዚያ በላይ ግን ያ የምትገፋት ነገር፣ ቀጭ የምትለዋ፣ የዚህ ዕቃ ግማሽ ደስታ ናት። እሷን ገድዬ ሴጋውን አድኛለሁ ማለት አልፈልግም።

አዲስ መቀየሪያም ፈልጌ ነበር። ታይዋን ውስጥ የራዲዮና የአሻንጉሊት ተንሸራታች ማብሪያዎች ይገኛሉ። ያገኘሁት ግን 0.3 አምፒር የሚችል ነው፣ እግሮቹም ከቦርዱ ቀዳዳ ጋር አይገጥሙም። ምትክ ስትፈልጉ ቅርጹን ብቻ አትዩ፣ ስንት አምፒር እንደሚችል ጠይቁ። ደካማዋን ብትገጥሙ ቶሎ ትጠቁርና እዚያው በሽታ ላይ ትመለሳላችሁ።

የቀረው ማብሪያዋን ከቦርዱ ማውጣት ነበር። በካውያ እግር በእግር የተበየደችበትን ሊድ አቅልጬ አነሳሁት። ትንንሾቹ እግሮች ቶሎ ለቀቁ። ጎንና ጎን ያሉት፣ የብረት ሽፋኗን ቦርዱ ላይ የሚይዙት ግን ሙቀቱን ሁሉ ስለሚስቡት ያስቸግራሉ፤ ትንሽ አዲስ ሊድ ጨምሮ ማቅለጥ ይረዳል። በጉልበት ከተሳበች የቦርዱ መዳብ ይላጣል፣ ያኔ ነው እውነተኛው ችግር የሚመጣው። ከዚያ ሽፋኗን የያዙትን የታጠፉ ጥርሶች በቀጭን ካቻቢቴ ቀስ ብዬ አቃናሁ። ነጭ ጨርቅ አንጥፋችሁ ላዩ ላይ ክፈቱት። ውስጥ ያለችው ስፕሪንግ ከተፈናጠረች አቧራ ውስጥ አትገኝም። ከመንካታችሁ በፊትም በስልክ ፎቶ አንሱ።

ውስጧ ቡናማ የሆነ፣ እንደ ሙጫ የደረቀ የድሮ ግሪስ ሞልቶባታል። መገናኛ ብረቶቹ ጥቁር ናቸው። እንዲህ ያሉ መገናኛዎች አብዛኛውን ጊዜ ብር የተቀቡ ናቸው፤ ብር ደግሞ አየር ውስጥ ያለች ጥቂት ድኝ ስታገኘው ይጠቁራል። የእማዬ የብር አምባር ሳጥን ውስጥ ሲቆይ የሚጠቁረው በዚሁ ነው። አልኮሉ ግሪሱን ያወጣል፣ ይሄን ጥቁረት ግን አያወጣም። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ሙከራ ያልቆየው።

ግሪሱን በጥጥና በአልኮል ሦስት ጊዜ ጠረግሁት፣ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ። ጥቁረቱን በተራ የእርሳስ ላጲስ አሸሁት። ብርጭቆ ወረቀት አልነካሁም፣ እናንተም ባትነኩ ይሻላል፤ ያ ስስ የብር ቅብ አንዴ ከተፋቀ ከሥሩ ያለው መዳብ ይበልጥ ቶሎ ይበላሻል። ቀስ ተብሎ ሲታሽ ከጥቁሩ ሥር ነጣ ያለው ብረት ብቅ ሲል የእህቴ ልጅ ላጲሱን ከእጄ ቀማኝና ቀሪውን እሱ ጨረሰው። አባዬ ከሥራ ሲመለስ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ጨርቅ ነበር። የሚነካውን ብረት ሁሉ ይጠርግ ነበር፣ የቤቱን የበር ቁልፍ ሳይቀር። ያን ልጅ አጎንብሶ ሲያሽ ሳየው እሱ ትዝ አለኝ።

መጨረሻ ላይ ለኤሌክትሪክ መገናኛ የሚሆነውን ግሪስ፣ ከባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ ያገኘሁትን፣ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ያህል ቀባሁት። ከዚያ በላይ አቧራ ይሰበስባል፣ እዚህ ደግሞ አቧራ አይጠፋም። ጥርሶቹን መልሼ አጠፍኩ፣ በየድኩ፣ ሰካሁ፣ ለካሁ። 0.03 ቮልት።

ገፋኋት። ቀጭ። ቀዩ መብራት ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ደምቆ አይቼው አላውቅም። ጠረጴዛውን ሆን ብዬ መታሁት፣ ምስሉ ንቅንቅ አላለም። ልጁ እስከ ምሽት ሁለት ሰዓት ተጫወተ። እማዬም ሁለት ጊዜ መጥታ “ይሄ ነገር አሁንም አለ?” ብላ ቁጭ ብላ አየች።

የክብሪት እንጨቷን አልጣልኳትም። ከካሴቶቹ ጋር ሳጥኑ ውስጥ ናት። አሁን የቀረኝ ከፊት ለፊት ያለችው የጆሮ ማዳመጫ ድምፅ መቆጣጠሪያ ናት፤ ስገፋት ኮሽ ኮሽ ትላለች። እሷም ተንሸራታች ናት፣ በሽታዋም ያው ይመስለኛል። ልጁ ወደ ሐረር ሳይመለስ አብረን እንከፍታታለን።