ስም የሚጠይቀው ቅጽ

ዛሬ እኛን ነርሶቹን ስለ ታካሚ ደህንነት መጠይቅ አስሞሉን። በፈረንጆቹ 2004 አሜሪካ ወጥቶ በብዙ አገር ሆስፒታሎች የሚሠራበት ነው። ስለ መረዳዳት ለሚጠይቀው ሳላመነታ «በጣም እስማማለሁ» አልኩ። ሥራ ሲደራረብብኝ ሳልጠራት የምትደርስልኝ አላጣም።

«ስህተት ሪፖርት ሲደረግ የሚጠየቀው ችግሩ ሳይሆን ሰውየው ነው» የሚል ሐሳብ ያለውም አለ። እሱንም «በጣም እስማማለሁ» አልኩት። እኔ ብቻ አይደለሁም። በየአገሩ በተሠሩ ጥናቶች መተጋገዝ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኛል፤ ቅጣት ሳይፈሩ ስህተትን መናገር ግን ብዙ ጊዜ ከታች ነው።

ባለፈው የማታ ዲውቲ የመድኃኒት ጋሪ ውስጥ፣ መድኃኒት ከምንበርዝበት የዲስቲልድ ዋተር አምፑሎች መሀል ፖታሲየም ክሎራይድ ተቀላቅሎ አገኘሁ። ሁለቱም እንደ ውሃ የጠሩ ናቸው። ቁመታቸው እኩል፣ ጽሑፋቸው የጉንዳን እግር። ፖታሲየም ሳይበረዝ በደም ሥር ቶሎ ከገባ ልብ ያቆማል። ደግነቱ ማንም አልተሰጠውም። አብራኝ የገባችው ልጅ «ቦታው መልሺውና ዝም በይ፣ በሰው እንጀራ አትግቢ» አለችኝ። ክፋት የላትም፤ ሪፖርት ያደረገ ሰው ምን እንደሚገጥመው ስላየች ነው።

እኔ ግን የስህተት ሪፖርት ቅጹን አወጣሁ። የመጀመሪያው ክፍት ቦታ «ስህተቱን የፈጸመው ሠራተኛ ስም» ይላል። ቀጥሎ «የተወሰደ እርምጃ»። አምፑሎቹ ለምን አንድ መሳቢያ ውስጥ እንደገቡ የሚጻፍበት መስመር የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ያልተበረዘ ፖታሲየም ከዋርድ ወጥቶ ፋርማሲ እንዲቀመጥ ይመክራል። ይህን ጀርባው ላይ ጻፍኩት፣ ሌላ ቦታ አጥቼ።

(በወርሃዊ ስብሰባ «ሪፖርት ዜሮ» ሲባል ይጨበጨባል። እኔን ዜሮው ነው የሚያስፈራኝ። ያን ያህል ታካሚ ባለበት፣ ያን ያህል መርፌ በሚወጋበት ክፍል አንድም ነገር ካልተጻፈ፣ የሚጽፍ ጠፍቷል ማለት ነው።)

በማግስቱ ኃላፊዋ ጠራችኝ። «ሲስተር፣ ስሙን ትተሽዋል።»

«ማን እንዳስቀመጠው አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነው።

«እንግዲያው የሳምንቱን ተረኞች በሙሉ እጽፋለሁ።»

ጻፈችም። ዝም በይ ያለችኝ ልጅ ስሟ ሦስተኛው ላይ ነው። ፖታሲየሙ እዚያው ጋሪው ላይ አለ። ልጅቷ ግን ከእኔ ጋር ማታ እንዳትመደብ ጠይቃ ተቀይራለች።