ሁለት ቀን በአህመዳባድ

በጥር፣ ሙቀቱ ቀለል ሲል፣ ለሁለት ቀን ሕንድ፣ አህመዳባድ ከተማ ልሄድ ነው። መጀመሪያ የማየው የሲዲ ሰዒድ መስጊድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1573 ያሠራው ሰው ሐበሻ ነበር! ይሄን ካወቅኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የመስኮቱ ድንጋይ እንደ ዳንቴል ተፈልፍሏል፤ አንድ ዛፍ ከነቅርንጫፉ ተጠላልፎ ይታይበታል። ብርሃን ሲገባበት ቁጭ ብዬ ማየት እፈልጋለሁ።

ከዚያ በእግሬ ወደ ማኔክ ቾክ ገበያ። ጠዋት አትክልት፣ ቀን ወርቅና ብር ይሸጥበታል፤ ሲመሽ ደግሞ ምግብ ብቻ ነው። እኔ ያሰብኩት ፓቭ ባጂ ነው። አትክልቱ ሰፊ የብረት ምጣድ ላይ በቅቤ እየተደቆሰ ይበስላል፣ ዳቦውም እዚያው ቅቤ ላይ ይጠበሳል። ለሱ ስል ምሳዬን ቀለል አደርጋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ጋንዲ እስከ እ.ኤ.አ. 1930 ከተከታዮቻቸው ጋር በጋራ የኖሩበት ግቢ፣ የሳባርማቲ አሽራም።